ላባ የሌላቸው ወፎች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ እጄን እያዩ ይገረማሉ። «ይርገዱ፣ እጅሽ ጠራ እኮ!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ከስንት ዘመን በኋላ ጥፍሮቼ የራሳቸውን መልክ ያዙ። ማተሚያ ቤት የገባሁት ልጅ እግር ሳለሁ ነው፤ የወጣሁት ጸጉሬ ሸብቶ፣ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት ሲያስጠላው ነው። በመካከሉ ያተምኩትን ሁሉ ላስታውስ ብል አልችልም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሠርግ መጥሪያ የደረሰው፣ የማኅበር ካላንደር ግድግዳው ላይ የሰቀለ፣ የወፍጮ ቤት ደረሰኝ የተቀበለ ሰው ሁሉ እጄ ያለፈበትን ወረቀት ነክቷል። አብዛኛው ተጥሏል፤ ድሮም እንዲጣል የተሠራ ነው። የማይጣል ሥራ የደረሰኝ ወደ ማብቂያዬ ላይ ነው፤ እሱም የወፍ ሥዕል ነው። ስለዚያ ልጽፍ ነው የተቀመጥኩት። ግን ከመነሻዬ ካልጀመርኩ ወፎቹ ለምን እንዲያ እንዳስደነቁኝ ለሰው አይገባውም።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማባዣ ክፍል ነበር። ማትሪክ አልመጣልኝ ሲል አጎቴ ሰው ለምኖ አስገባኝ። ጽሑፉ የተቀረጸበትን የሰም ወረቀት፣ ስቴንስሉን፣ ማሽኑ ላይ አልብሼ እጀታውን አዞራለሁ፤ ሰርኩላር፣ የፈተና ወረቀት፣ የስብሰባ ጥሪ ይወጣል። ደሞዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃል፤ ከዚያ አያልፍም። ሥራውን አልጠላሁትም፤ ወደድኩትም አልልም። ፎቶ ኮፒ ሲመጣ ማባዣዋ ወደ መጋዘን ገባች፤ እኔም ወደ ውጭ ወጣሁ።

ያን ጊዜ አቶ ደሴ ከገበያው ከፍ ብሎ የራሳቸውን ማተሚያ ቤት ከፍተው ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ ግን ድምፃቸው ማሽኑን ያስንቃል።

«ወረቀት ማጠፍ ትችያለሽ?» አሉኝ።

«እችላለሁ» አልኩ። ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ። ከጠረጴዛው ማዶ ጋሽ አየነው ነበሩ።

ጋሽ አየነው አዲስ አበባ ትልቅ ማተሚያ ቤት ሠርተው ወደ ትውልድ አገራቸው የተመለሱ የማሽን ሠራተኛ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። ከካኪ ጋዋናቸው ሥር ሁልጊዜ ከረቫት ያስራሉ። አንድ ቀን ደፈር ብዬ «ጋሼ፣ ለቀለም ሥራ ከረቫት ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔ እንደ ሌባ ተጎሳቁዬ ልቀበለው?» አሉኝ። ንጹሕ ወረቀት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ያውም በሳሙና፣ እስከ ክንዳቸው።

ወረቀት ሲመጣ አንዱን ሉክ ያወጡና ጆሯቸው አጠገብ ያራግቡታል። ደረቅ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እርጥበት ከጠጣ ድምፁ እንደ ጨርቅ ይለዝባል። «ይሄ ነጠላ ነው» ብለው ወደ መደርደሪያው ይመልሱታል፤ ምንም ያህል ሥራው ቢያስቸኩል አያትሙበትም። አቶ ደሴ ይጮሃሉ፣ ጋሽ አየነው ዝም ይላሉ፣ ወረቀቱም እስኪደርቅ ይቀመጣል።

ቀለም ሲያዋሕዱ ደግሞ ፈዛዛውን አስቀድመው ጠቆር ያለውን በክብሪት እንጨት ጫፍ ነው የሚጨምሩት። «ጨለማን በጭልፋ አይጨምሩም» ይሉ ነበር። የተዋሐደውን ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀብተው ወደ ግቢው ይወጣሉ፤ በአምፑል ቀለም አይዳኝም ባይ ናቸው። ፀሐይ ከሌለች ፀሐይ እስክትወጣ ይጠብቃሉ። የመጀመሪያዋን ሉክ ግድግዳ ላይ ሰክተው እስከ በሩ ድረስ ያፈገፍጉና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዩዋታል። ማመስገን አያውቁም። ሥራው የሠመረ እንደሆነ አንድ ቃል ብቻ ይወጣቸዋል፤ «ወጣ።» ይህችን ቃል ለመስማት ስንት ወር እንደለፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሴት ማጠፊያ ላይ እንጂ ማሽን ላይ አትቆምም የሚባልበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ አየነው ሉክ አንስተው አራገቡና «ምን ይላል?» አሉኝ። «ነጠላ ነው» አልኳቸው። አቶ ደሴን ጠርተው «ይቺን ልጅ ከማጠፊያው አንሷት፤ ጆሮ አላት» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስክሪን አስተማሩኝ።

ስክሪን ማለት የእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ ስስ ጨርቅ ነው። ቀለም የማይፈለግበትን ቦታ በመድኃኒት ይደፍኑታል፤ የሚፈለግበት ክፍት ይቀራል። ወረቀቱን ከሥር አድርጎ፣ ቀለሙን ከላይ አፍስሶ በጎማ መግፊያ ሲስቡት ቀለሙ በጨርቁ ቀዳዳ ያልፋል። ለአንድ ቀለም አንድ ስክሪን ነው። ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው። መግፊያው ትንሽ ከተጋደመ ቀለሙ ይወፍራል፤ ከቀና ይሳሳል፤ መሐል ላይ እጅ ካመነታ ጭረት ይቀራል። ጋሽ አየነው «ትንፋሽሽን ይዘሽ ጀምሪ፤ ስትጨርሺ ተንፍሺ» ይሉኝ ነበር። እስከ መጨረሻዬ እንደዚያው ነው የሠራሁት።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ቀብራቸው ላይ እንደ አቶ ደሴ ያለቀሰ አልነበረም።

ከዚያ የባነር ማሽን ገባ። ኮምፒውተሩ ላይ ቁልፍ ሲነኩ በወዲያ በኩል ቀለሙ ሁሉ ሞልቶት ሰው የሚያህል ፎቶ ይወጣል። ደንበኛው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። የእኔ ጠረጴዛ ወደ ጓሮ፣ ቆርቆሮ ክዳን ወዳለባት ክፍል ተገፋ። የቀረኝ የጆንያ ምልክትና የቲሸርት ጽሑፍ ነበር። ቅር አላለኝም ብል ሐሰት ነው፤ ግን ጡረታዬ እየቀረበ ስለነበር ጓሮዋን ለመድኩ።

ቃልኪዳን የመጣችው እዚያች ጓሮ ነው።

የይጁቤ አካባቢ ልጅ ናት፤ አባቷ የቅኔ መምህር ናቸው። አዲስ አበባ ሥዕል ተምራ መጥታ ከተማችን ውስጥ በመምህርነት ትሠራ ነበር። አጠር ያለች፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ልጅ ናት። ጥቅል ወረቀት በብብቷ ይዛ ገባችና «እትዬ ይርገዱ እርስዎ ነዎት? ስክሪን በእጅ የሚያትሙ ሰው አሉ ብለውኝ ነው» አለችኝ። ጥቅሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው፤ እንደ ድልህ የቀላ። መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ቅርጽ ቆሟል። ከማጅራቱ ላይ ነጭ ቁራጭ ተትቷል፣ ከአፉ ጫፍ ላይም ትንሽ ነጭ። ሌላ የለም። ላባ የለም፣ ዓይን የለም፣ የቆመበት ቅርንጫፍ የለም።

«የቀረውን መቼ ትጨርሽዋለሽ?» አልኳት።

ሳቀች። «አልቋል፣ እትዬ።»

አቶ ደሴ ሳቋን ሰምተው ገቡ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት። «ላባው የታለ? እግሩስ? ይሄን ቁራ ማን ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል?»

«ጋሼ፣ ቁራ መሆኑን ማን ነገረዎት?» አለች።

«ማነው ደግሞ ቁራን የማያውቅ!»

«እንግዲያው አልቋል ማለት ነው።»

አቶ ደሴ አንዴ ሥዕሉን አንዴ ልጅቷን አይተው «እንደ ፍጥርጥራችሁ» ብለው ወጡ። እኔ ግን ወደ በሩ አፈገፈግኩና እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ። ከሩቅ ሲታይ ያ ጥቁር ነገር ከብሮ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የገበያውን ሥጋ ቤት የሚጠብቀው ቁራ ራሱ ነው። ያን የመሰለ ኩራት በጥቁርና በቀይ ብቻ እንዴት እንደገባ አልገባኝም። የሠርግ መጥሪያ ላይ አበባ ስናበዛ፣ ቀለበት ስናበዛ፣ ርግብ ስናበዛ ነው የኖርነው። እዚህ ግን መጨመር የሚባል ነገር የለም።

ማተሙ ደግሞ ጉድ ሆነብኝ። አበባ የበዛበት ሥራ ስሕተትን ይደብቃል፤ ያ ሰፊ ቀይ ምንም አይደብቅም። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ብትወድቅ እንደ ቁስል ትታያለች። መግፊያውን ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ነው የምስበው። ከመጀመሪያዎቹ ሉኮች የሚበዙትን ለማገዶ ጣልናቸው። ቃልኪዳን እያንዳንዷን ብርሃን ላይ ይዛ «እዚህ ጋ ተኝታለች» ትላለች፤ ልክ ናት፣ ቀለሙ ሳስቶ ተኝቷል። በስተመጨረሻ አንዷን ግድግዳ ላይ ሰክተን አየናት። «ወጣ» አልኩ ሳላስበው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑድ የእሷ ሆነ። እርኩም ይዛ መጣች፤ አረንጓዴ ሜዳ ላይ ጥቁር ሆዳም ወፍ፣ ጉሮሮው ብቻ እሳት የመሰለ ቀይ። ጅግራ ይዛ መጣች፤ ጥቁር እንቁላል የመሰለ አካል ላይ ነጭ ጠብታ የተረጨበት። እኔ በልጅነቴ ስንቴ ያባረርኳት ጅግራ እንዲህ ያማረች መሆኗን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ቃልኪዳን ከማስታወስ አትስልም፤ ሄዳ ታያለች። ማለዳ ወንዝ ዳር ቁጭ ብላ ብዙ ትስልና ከዚያ መቀነስ ትጀምራለች። «ይሄን ባወጣው ወፉ ይሞታል?» ብላ ትጠይቀኛለች፤ መስመሩን በአውራ ጣቷ ሸፍና። አይሞትም ካልኩ ታወጣዋለች።

የሠራነውን ያዩ የአዲስ አበባ ሰዎች ለአዲስ ዓመት ኤግዚቢሽን ጋበዟት። የመጀመሪያዋ ነው። ደስታዋን ሳየው ፈራሁላት፤ ምክንያቱም አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ እንዲህ ብላኝ ነበር፤ «እትዬ፣ ይሄ ካልሆነልኝ እተወዋለሁ። ዘመዶቼ አዲስ አበባ የቢሮ ሥራ አዘጋጅተውልኛል። አባባም ምን እንደምሠራ አያውቁም፤ ሥዕል ሲባል የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው የሚያውቁት። አንድም ቀን አሳይቻቸው አላውቅም።»

«ለምን?»

«ዝም ይሉኛል። ከቁጣቸው ዝምታቸው ይከብዳል።»

ለኤግዚቢሽኑ ያሰበችው ትልቅ ሥራ ጋጋኖ ነበር። ጋጋኖን በእኛ አገር የማያውቃት የለም፤ ጎህ ሲቀድ በመንጋ እየጮኸች ከባሕር ዛፍ ላይ የምትነሣዋ፣ ማጭድ የመሰለ ረጅም አፍ ያላት ወፍ ናት። ወረቀቱ ትልቅ ነው። ቀለሙ ሦስት ነው፤ ሰማያዊ ሰማይ፣ ቀይ ኮረብታ፣ በመካከላቸው ጥቁር አረንጓዴ ጋጋኖ። ሦስቱ ቀለሞች ጎን ለጎን፣ ጠርዝ ለጠርዝ ነው የሚገናኙት።

የነሐሴ ዝናብና ጉም ከተማውን ሸፍኖታል። ቃልኪዳን ከአዲስ አበባ ያስመጣችውን ጥሩ ወረቀት አንዱን አንስቼ አራገብኩት። ድምፁ ጨርቅ ነው።

«ልጄ፣ ነጠላ ሆኗል። ዝናቡ ጋብ እስኪል ብንጠብቅ ይሻላል» አልኳት።

«ብጠብቅ ኤግዚቢሽኑ ያልፈኛል። ባትም ምናልባት ይወጣ ይሆናል። ምን ላድርግ?»

እኔም ሌላ መላ አልነበረኝም። ተያይተን ጀመርን።

ሰማያዊው ጥሩ ወጣ። ገመድ ላይ ሰቀልናቸው። በማግሥቱ ስንመለስ ቀለሙ እጅ ላይ ይለጥፋል። ከሰል አቀጣጥለን አስገባን፤ ወረቀቱ ወደ ሙቀቱ በኩል እየተጠቀለለ አስቸገረን። እንደምንም ቀዩን አተምን። ሦስተኛው ላይ፣ ጋጋኖዋን ልናሳርፍ ስንል ነገሩ ለየለት። ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፤ ሰማዩና ኮረብታው ከቦታቸው ሸሽተዋል። አፏን ከሰማዩ ጋር ስናስማማ ጅራቷ ላይ ነጭ ክፍተት ይሆናል፤ ጅራቷን ስናስማማ አፏ ከፊቷ ተነጥሎ ይንሳፈፋል። አንዱን ስክሪን ፈትተን ደግመን ወጠርን። ሌላ ሉክ ሞከርን። መብራትም ጠፋ። ያልደረቁትን ቦታ አጥተን ደራርበናቸው ስለነበር ልናነሣቸው ስንል ተጣብቀው ተቀደዱ። አንድም የሚረባ ሳይተርፍ ወረቀቱ አለቀ።

ቃልኪዳን አላለቀሰችም። ባዶ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀምጣ የተቀደደችውን ጋጋኖ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስታያት ቆየች። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ከዚያ ተነሥታ መግፊያዎቹን አንድ በአንድ አጠበች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ ጉንጬን ስማ ተሰናበተችኝ። በዚያ ሁሉ ዘመኔ የተበላሸ ሥራ አይቻለሁ፤ ስም የተሳሳተበት የሠርግ መጥሪያ፣ ቀኑ የተዘለለበት ካላንደር። ማናቸውም እንደዚያ ቀን ልቤን አልሰበሩትም።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ቦታዋን ለሌላ ሰጡት። እሷ ወደ አባቷ ዘንድ ሄደች። አዲስ ዓመት አለፈ፣ መስቀል አለፈ፤ ቃልኪዳን አልመጣችም። ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። አንድ ቀን አቶ ደሴ ራሳቸው «ያቺ የቁራ ልጅ የት ገባች?» ሲሉኝ አልቻልኩም። ቁራውን በላስቲክ ጠቅልዬ በሚኒባስ ወደ ይጁቤ ሄድኩ፤ ከዚያ ጠይቄ ጠያይቄ መንደራቸው ደረስኩ።

ቃልኪዳን ግቢው ውስጥ ድንች ስትልጥ አገኘኋት። ስታየኝ ቢላዋውን ጥላ ሮጣ አቀፈችኝ፤ ወዲያው ላስቲኩን አይታ ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ፣ እባክዎን አባባን አያሳዩዋቸው።»

እኔም ለእሷ ብዬ እንጂ ለእሳቸው ላሳይ አልነበረም ያመጣሁት። ግን አባቷ መሪጌታ ከቤት ብቅ አሉ፤ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ጭራ የያዙ ሸምገል ያሉ ሰው።

«ልጄ አብሬያቸው እሠራለሁ የምትለኝ እርስዎ ነዎት? ይግቡ፣ ይግቡ። ይሄ ምንድነው የያዙት?»

ለሽማግሌ አይዋሽም። ፈታሁላቸው።

መሪጌታ ቁራውን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ቃልኪዳን ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ያለችኝ ዝምታ መጣ። እኔንም ከበደኝ። ብዙ አይተው፣ አንዴ አርቀው አንዴ አቅርበው ሲያበቁ፣

«ላባውን ለምን ተውሽው?» አሉ።

«ላባ ባደርግበት ላባውን ነበር የሚያዩት፣ አባባ። ቁራውን አያዩትም ነበር።»

ጭራቸውን ወዘወዙ። ሥዕሉን በጥንቃቄ መደቡ ላይ አኑረው ወደ እኔ ዞሩ። «ለምን እንደመጣች አልነገረችኝም። ምን ሆና ነው?» ዝናቡን፣ ወረቀቱን፣ የተቀደደችውን ጋጋኖ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ልጃቸውን ጠሯት።

«ቃልዬ፣ እዚህ ግቢ ያደግሽ ነሽ። ተማሪ ቅኔው ሲበላሽበት ምን ያደርጋል?»

«ያፈርሰዋል።»

«ከዚያስ?»

«እንደገና ቅኔ ይቆጥራል።»

«ዱላውን ይዞ አገር ለቆ ይሄዳል?»

«አይሄድም፣ አባባ።»

«እንግዲያው» አሉና ተነሥተው ወደ ተማሪዎቻቸው ወጡ። ሥዕሉን ወደዱት ጠሉት፣ አንድ ቃል አልተናገሩም።

በሳምንቱ ቃልኪዳን ጓሮዬ ገባች፤ እፍኝ ሙሉ የኑግ አበባ በመሐረብ ቋጥራ። ጥቅምት ነበር፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ ማሳው ሁሉ ቢጫ ለብሶ። «ይሄን ቢጫ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ያን ቢጫ ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብን። በክብሪት እንጨት ጫፍ ቀይ እየጨመርኩ፣ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ከአበባው ጎን እያስቀመጥኩ፣ እየጣልኩ፣ እንደገና እየጀመርኩ ቆየሁ፤ ድንገት አበባውና የቀባሁት ቁራጭ ወረቀት አንድ ሆኑ።

ጋጋኖዋን እንደ አዲስ ነበር ያሰበቻት። ሦስቱ ቀለም ቀርቶ ሁለት ሆኗል። ነጭ ወረቀት ላይ ትልቅ ቢጫ ክብ፣ ፀሐይ፤ በላዩ ላይ በስሱ ሰማያዊ ክንፏን የዘረጋች ጋጋኖ። ሰማያዊው ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ስለተቀመመ ከቢጫው ጋር ሲደራረብ አረንጓዴ ይወልዳል። ስለዚህ ወፊቱ ከፀሐይዋ ውጭ ሰማያዊ ናት፣ ከፀሐይዋ ውስጥ አረንጓዴ። ጎን ለጎን የሚገናኝ ጠርዝ የለም፤ ወረቀቱ ትንሽ ቢሸሽ እንኳ የሚከፈት ቦታ አይኖርም። ያ ሁሉ ያቃጠለን ነጭ ክፍተት መግቢያ አጣ። ክንፏ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ብቻ ባዶ ወረቀት ሆኖ ተተወ።

ቢጫው ታትሞ ደረቀና የሰማያዊው ተራ ደረሰ። ወረቀቱን አንሥቼ አራገብኩት፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። ትንፋሼን ያዝኩና መግፊያውን ሳብኩ። ስክሪኑን ቀና ስናደርገው ቃልኪዳን እጇን አፏ ላይ ጫነች። አረንጓዴ የሚባል ቀለም ከጣሳ አልነካንም፤ ጋጋኖዋ ግን አረንጓዴ ሆና፣ እንደ ማለዳ ጋጋኖ ላባዋ እያንጸባረቀ፣ ከፀሐይዋ ውስጥ ትወጣለች። ማጭድ የመሰለው አፏ ከክቡ አልፎ ሰማያዊ ሆኖ ነጩን ይቀድደዋል። በሕይወቴ ካተምኩት ሁሉ በላይ ያማረ ነገር ነው። ዛሬም እንደዚያው አስባለሁ። አቶ ደሴ ደንበኛ ትተው መጥተው በሩ ላይ ቆመው አዩዋትና «ድምፅዋ እኮ ተሰማኝ» አሉ።

አዲስ አበባን አልጠበቀችም። እዚሁ ደብረ ማርቆስ አዳራሽ ለምና፣ በገበያ ቀን፣ ወፎቹን ሰቀለቻቸው። የእኔም ጡረታ በዚያው ሰሞን ነበር። አዳራሹ ባዶ ይውላል ብዬ ሰግቼ ነበር። ግን ከአምበር፣ ከይጁቤ ለገበያ የመጣ ሰው በር ላይ ቁራውን እያየ ይገባል። ማንም ምንድነው ብሎ አልጠየቀም። «እርኩሙን እየው፣ ሲኮራ!» ይላሉ። አንዲት ዶሮ በክንዷ ያቀፈች ሴት ጅግራዋ ፊት ቆማ «እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ መልበስ» አለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፎቶ ይነሣሉ። ቃልኪዳን ከጥግ ቆማ ሁሉን ታያለች፤ ዓይኗ ግን ከበሩ አይነሣም።

ከቀትር በኋላ መሪጌታ መጡ። የቅኔ ጉባኤያቸውን ለደቀ መዝሙር አደራ ብለው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ብቻቸውን። እያንዳንዱን ወፍ እየቆሙ አዩ። ጋጋኖዋ ዘንድ ሲደርሱ ወንበር ጠየቁና ተቀመጡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ አንድ ነገር ይለካል። ሰው ማስተዋል ጀመረ። ካህናትም ነበሩ፤ ጠጋ አሉ።

መሪጌታ ተነሥተው በግእዝ ሁለት ስንኝ ተቀኙ። ሁለት ብቻ። ከቅኔ ሁሉ አጭሩን፣ ጉባኤ ቃና የሚሉትን ነው።

«ይበል! ይበል!» አሉ ካህናቱ። «ይድገሙት፣ መሪጌታ!»

ደገሙት። እኔ ግእዝ አላውቅም፤ ዞሬ ቃልኪዳንን አየኋት። እንባዋ በአገጯ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም።

«ምን አሉ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ሰሙ ጋጋኖዋ ናት፣ እትዬ። ከፀሐይ ቤት ገብታ ልብሷን ለውጣ ወጣች ይላል።»

«ወርቁስ?»

«ወርቁ እኔ ነኝ» አለችኝ።